በሁለት ደረጃ የወጡት ደብተሮች

ነሐሴ 6 ቀን 2005፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ከሽያጭ የወጣ ነው። ዝናብ ሽፋኑን ስላበላሸው ሀጂ ሙራድ "እንካ ጃፋር፣ ኃጢአትህን ጻፍበት" ብሎ ወረወረልኝ። ባለ ሃምሳ ሉክ ነው። ሰባ አራት ዓመት የሠራሁት በባለ ሃምሳ አያልቅም፤ የዚህን ክረምት ብቻ ልሞክር።

ምራቴ ዙህራ "አባባ፣ ቤት ከሚቀመጡ እግርዎን ያፍታቱ" ብላ ካስወጣችኝ ወዲህ (በትህትና ነው፣ ግን አስወጥታኛለች) ጠዋት ጠዋት ከልጅ ልጄ ከሀፍሷ ጋር ሀጂ ሙራድ ሕንፃ እመጣለሁ። ሀጂ የደብተርና የተማሪ ቦርሳ ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ ስምንት ሱቅ፣ ሦስት መጋዘን። ሀፍሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ኃላፊው ናት። ኃላፊ ስል ከበታቿ ማንም የለም፤ ከበላይዋ ግን ሕንፃው በሙሉ አለ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል። ሰርቨር ይሉታል። እኔ ሙሽራው እለዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቬንቲሌተር የሚነፋለት፣ ጫማ ሳያወልቁ የማይገቡበት እሱ ብቻ ነውና። ስምንቱ ሱቆች "መጋዘን ውስጥ ምን አለ?" ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። የቦርሳውን ፎቶ የሚስቡት ከሱ ነው። የመጋዘኖቹ ካሜራም ያየውን ሁሉ የሚያጎርፈው ወደሱ ነው። ምስኪን፣ ሙሽራ ሆኖ እንዲህ የሚለፋ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። አምና ሀጂ ከቦሌ ኩባንያ አምጥቶ ሣጥኑን ሊያስገጥም ሲል "እኔ እሠራዋለሁ" ያለች ሀፍሷ ናት። ዘንድሮ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ሲጎርፍ ሣጥኑ ከቆመ፣ ሀጂ ሥራውን ለቦሌዎቹ ይሰጣል፤ እሷ ወደ ሱቅ ወርዳ ደብተር ትሸጣለች። ይህን ሀጂ ራሱ ነው የነገረኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። ሀጂ ሲቀልድ ግን አይስቅም።

ነሐሴ 7

ምድር ቤት የምትሸጠው ኤልሳቤት ድምፅዋ ሸማ ተራ ይደርሳል። ዛሬ አራት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፦

"ሀፍሷ! ደግሞ ተኛ! ሰውዬው ቦርሳ እይ ብዬው ግንባሩን ብቻ ነው ያየው!"

የቦርሳውን ፎቶ ማለቷ ነው። ከላይ ትንሽ ይመጣና ይቆማል።

ሀፍሷ ሰበቡን ነገረችኝ። ሁሉም ነገር ወደ ሣጥኑ የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ በር ነው፤ በሩ ኔትወርክ ካርድ ይባላል። ሁለተኛ ልትጨምርለት ነው። ከሰዓት ገዝታ መጣች፤ መዳፍ የማታክል፣ አረንጓዴ፣ ጥርስዋ እንደ ማበጠሪያ የሆነ ቅጠል። ሀጂ አገላብጦ አያትና "ካርድ ነው? ታዲያ ሞላሽው ወይስ አልሞላሽም?" አለ። ሀጂ እንዲህ ሲል ይስቃል። ያኔ እኛም እንስቃለን።

ነሐሴ 8

ሣጥኑ ከኋላው ሁለት ገመድ፣ ሁለት ትንንሽ መብራት አለው። አንደኛው መብራት እንደ አበደ ይርገበገባል። ሁለተኛውን በመቁጠሪያ ዶቃዬ፣ በሙስበሃዬ ቆጠርኩት። ሠላሳ ሦስት ሳደርስ አንዴ ጠቀሰኝ፤ መልሶ ተኛ።

"ሀፍሷ፣ ሰነፍ ሠራተኛ ያዝኩልሽ!"

"ሰነፍ አይደለም አባባ፣ ለጊዜው ተጠባባቂ አድርጌው ነው። ጓደኛው ሲሞት ይነሳል።"

"የጓደኛውን ሞት እየጠበቀ ደመወዝ የሚበላ! እኛ አውቶቡስ ተራ ሳለን እንዲህ ያለ ሥራ ቢኖር እኮ ሁላችንም እናመለክት ነበር።"

ሳቀች። ስትስቅ ሴት አያቷን ትመስላለች።

ምሳ ልትበላ ስትወርድ እውነት ይሆን ብዬ የሚሠራውን ገመድ ነቀልኩት። ሱብሃነላህ! አንድ፣ ሁለት ሳልል የተኛው ተነሳ። ከታች ማንም አልጮኸም። መልሼ ሰካሁት። እንግዲህ ይህን የማውቀው እኔና አላህ ነን።

ነሐሴ 9

"አባባ፣ ትናንት ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ገመድ ነቅለዋል?"

ሣጥኑ መዝግቦታል! ደቂቃውን ሳይቀር። ሙሽራ ብቻ አይደለም፣ አሳባቂም ነው። ስሙን መለወጥ አለብኝ።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የጻፍኩት ነው።

ሀፍሷ ተጠባባቂነቱን ሽራ ሁለቱም እንዲሠሩ አደረገች። እንዲህ ነው፦ ሣጥኑ የጠያቂውን አድራሻ ያያል፤ በአድራሻው መሠረት አንዱን ደንበኛ ለዚህኛው በር፣ አንዱን ለዚያኛው ይመድባል። ጥሩ ነበር። ግን ሁሉም ተሰብስቦ ያው አንዱ በር ላይ ወደቀ! ሁለተኛው ዛሬም እንደተኛ ነው።

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስትመራመር ከአጠገቧ ሆኜ እኔም ተመራመርኩ፣ ማለትም ዝም ብዬ አየኋት። ወደ አሱር ሰላት ገደማ ጭንዋን መታች። ከየሱቁ የሚመጣው ሁሉ ደረጃ ሥር በተሰቀለችው አንዲት ዕቃ በኩል ስለሚያልፍ፣ ሣጥኑ የሚያየው የዚያችን የአንዷን አድራሻ ብቻ ነው።

"አንድ ደላላ የመቶ ሰው ጭነት በራሱ ስም ሲያስመዘግብ ማለት ነው" አልኳት።

"ልክ እንደሱ! ስለዚህ ከላይ የተጻፈውን ትቶ ውስጥ ያለውን ስም እንዲያነብ ማድረግ አለብኝ። ግን በደንብ ሳልሞክረው በሥራ ቀን አላስገባውም። እስከ ሐሙስ።"

"ልክ እንደሱ" አለችኝ። ይህን ለመጻፍ ብዬ ነው ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ሀጂ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ጉልበቱን ያመዋልና እዚህ ድረስ ከወጣ ነገር አለ። ኤልሳቤትና ሁለት የመጋዘን ሰዎች ተከትለውታል።

"ሁለተኛ በር ገዛሁልሽ፤ ሰዉ አሁንም በአንዱ ነው የሚጋፋው አሉኝ። ሌላው ለጌጥ ነው?"

"እያስተካከልኩት ነው ሀጂ። እስከ ሐሙስ ይታገሡኝ።"

"አምናም ሐሙስ፣ ዘንድሮም ሐሙስ!"

እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። ልጅቷን ላግዝ ብዬ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ተራ የተሸካሚዎች ተራ አስከባሪ ነበርኩ፤ መኪና ሲመጣ ጉልበተኛው ደካማውን እንዳይቀማው "ያንተ ነው፣ ቀጥሎ ያንተ" እያልኩ የማድል።

"ሀጂ፣ ይሄ እኮ የኔ ሙያ ነው" አልኩ። "ጭነት አለ። ሁለት ተሸካሚ አለ። አንዱ ወገቡ ይቆረጣል፣ አንዱ ያንኮራፋል። መድኃኒቱ ተራ ነው! አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ፤ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ። ደንበኛ፣ አድራሻ፣ ምናምን የለም።"

የሀጂ ፊት በራ። "ወላሂ እውነቱን ነው! የመጀመሪያ ጭነቴን ያስወረደልኝ እሱ አይደል? በተራ፣ ያለ አንድ ጠብ!" ወደ ሀፍሷ ዞረ። "እንደዚህ ማድረግ ይቻላል?"

"ይቻላል... ግን ሀጂ፣ ትንሽ..."

"ትንሽ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም፤ በጅምላ ነው የምንሸጠው!" አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። ኤልሳቤት እንባዋን ጠረገች።

"በይ ዛሬውኑ በተራ አድርጊው" አለ ሀጂ እየሳቀ፤ ወረደ።

ሀፍሷ አየችኝ። ሽማግሌ በሰው ፊት አይታረምም። እንዲህ ብለን ነው ያሳደግናት።

ነሐሴ 16

ሠራ! ሁለቱም መብራት ይርገበገባል፣ እኩል። በሙስበሃ ቆጥሬያለሁ። ኤልሳቤት ከጠዋት ጀምሮ አልጮኸችም። ስወርድ "ኢንጂነር ጃፋር መጡ!" ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። የመጋዘኑ ሰውዬ ደግሞ ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ምስሉ ይወዛወዛልና መጥቼ እንዳይለት ለመነኝ። እመጣለሁ ብዬዋለሁ።

ሀፍሷ ግን አልሳቀችም። "አባባ፣ በዚህ ሳምንት ገበያ የለም፤ ባዶ መንገድ ላይ ማንም ይነዳል" አለችኝ። ቀንታብኝ ነው መሰለኝ።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

የሆሳዕናዎቹ መጡ። የወልቂጤ፣ የጅማ። ምድር ቤት ጭቃ በጭቃ።

አራት ሰዓት ላይ ተኛ። ሁሉም ሱቅ። ከድሮው የባሰ። ፎቶው ይጀምራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ኤልሳቤት ጩኸቷን ትታ ዝም አለች። ዝምታዋ ባሰ።

ሀፍሷ አንዱን ገመድ ነቅላ በአንድ በር ብቻ አስቀጠለችው። ተንፈስ አለ።

ሀጂ ወጣ። ተቆጣ።

ነሐሴ 21

ትናንት ባጭሩ ጻፍኩት። እጄ ደክሞት ነው።

ሀጂ ያለው ይህ ነው፦ "አሥራ ስድስት ዓመት ከኔ የገዛ ሰው፣ ከሆሳዕና በዝናብ መጥቶ፣ ማዶ ሱቅ ሄደ! ምን ብዬ ልመልሰው? ሥራሽን የማታውቂ ከሆነ ንገሪኝ!" ያለው በመጋዘን ሰዎች ፊት ነው። ሀፍሷ ወለል ወለሉን እያየች "ይቅርታ ሀጂ" አለች።

እኔ በዚያን ሰዓት ሙስበሃዬን እየፈለግኩ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነበረ።

ደግሞ በትክክል ከተነጋገርን እኔ "በተራ" አልኩ እንጂ "ዛሬውኑ" አላልኩም። ዛሬውኑ ያለው ሀጂ ነው። ደግሞ አራት ቀን ሠርቷል። ደግሞ እሷ የተማረች ናት፤ እኔ ያልተማርኩ ሽማግሌ ነኝ። የማይረባ ነገር ብናገር ማስቆም የማን ሥራ ነው?

ያስቆመችኝ መሰለኝ። "ትንሽ" ብላ ነበር።

ነሐሴ 22

ሀጂ በስልክ ሲያወራ ደረጃው ላይ ሰማሁት። "ሰኞ ኑና እዩት" ይላል። ቦሌዎቹ ናቸው።

ሀፍሷን "ለምንድን ነው ተራው ያልሠራው?" አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መለሰች፦ "አንዱ ፎቶ ሲላክ ሙሉውን አይደለም የሚሄደው አባባ። ተቆራርጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ነው። ግማሹ በዚህ በር፣ ግማሹ በዚያ ሲሄድ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ተቀባዩ መሀል ያለው የጠፋ ይመስለውና 'ድገምልኝ' ይላል። ድጋሚው ደግሞ መንገዱን ያጨናንቀዋል።"

አልገባኝም። ገባኝ አልኳት። ምሳዋን ብቻዋን በላች።

ቆይ ግን፣ ሁለት ተሸካሚ እኩል ከተካፈለ ምን ይዛባል? በኔ ጊዜ ምንም አልተዛባም። ወይስ ተዛብቶ እኔ አላየሁም? እኔ እኮ የቆምኩት ከመኪናው ሥር ነበር። ዕቃው የሚደርስበት ቦታ ቆሜ አላውቅም።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ዛሬ ያደረግኩትን ጊዜ ወስጄ ልጻፈው።

ውሃ የነካቸው ሃያ አራት ደብተሮች ለመንኩ። በየሽፋናቸው ላይ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ጻፍኩ። ሕንፃው ሁለት ደረጃ አለው፤ የፊት ለፊቱ ሰፊ፣ የጓሮው ጠባብ። ጭነት ሲጠብቁ የቆሙ ሁለት ተሸካሚዎችን ለመንኩ። ሁለቱም ጢማም ወንዶች ናቸው፤ አንድ ደብተር ብቻ ተሸከሙ ስላቸው ጤንነቴን ተጠራጠሩ። አንድን በፊት፣ ሁለትን በጓሮ፣ ሦስትን በፊት፣ አራትን በጓሮ። በተራ!

ኤልሳቤት ምሳ ሰዓቷ ነበርና ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቆምኳት። "ያለሽ ሥራ ይህ ነው" አልኳት፤ "በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድሪ። መሀል ላይ አንድ ከጎደለ ወደ ታች ጩኺ፤ ቅጂ እንልክልሻለን።"

"ጩኸቱን ለኔ ይተዉት ጋሼ ጃፋር።"

ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሰላም ወጡ። አምስት ደረሰ፣ አራት የለም። ሰባት ደረሰ። የጓሮው ተሸካሚ ለካ ጄሪካን ይዘው ለሚወርዱ ሴቶች ጥግ ይዞ ቆሞ ኖሯል። "አራት ጎደለ!" ብላ ጮኸች። እኔ ባዶ ወረቀት ላይ "አራት" ብዬ ጽፌ በፊት ለፊቱ ላክሁ። ያ እስኪደርስ ዋናው አራት ደረሰ። አሁን ሁለት አራት አላት። "ስድስት ጎደለ!" ስድስትም በመንገድ ላይ ነበር። "አስር ጎደለ! አይ ደረሰ፤ ሁለት ሆነ! ምን ላድርገው?" ደረጃው በድጋሚ ወረቀት ተጥለቀለቀ። ተሸካሚዎቹ ገባቸውና እየሳቁ መሮጥ ጀመሩ፤ ነገሩን አባሱት።

ከሥር ሆኜ ሳይ ሁሉም ትክክል ነው። አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ። ማንም አልተበደለም። ከላይ ግን ኤልሳቤት በደብተር ተከባ "እግዚኦ!" ትላለች።

ገባኝ። ደስ አለኝ! ይህን ሳልጽፍ አላልፍም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሁለተኛው ስሜት ከዚያ በኋላ መጣ።

ሀጂ ሙራድ በጓሮ ደረጃ ሲወጣ ሃያ ሁለት ቁጥርን ከያዘው ተሸካሚ ጋር ተፋጠጠ። "ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው ሕንፃዬን የልጆች ጨዋታ ያደረገው?"

ሀፍሷ ከክፍሏ ወጣች። ሁሉም ደረጃው ላይ ቆመ። ከምድር ቤት ሳይቀር ሰው አንጋጠጠ። እኔም ኤልሳቤትን ላያት ከሥር ወጥቼ ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ደርሼ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ሀጂ፣ ሰኞ ዕለት ሆሳዕናዎቹን ያሳጣህ እኔ ነኝ። ተራ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ሐሙስ ብላ ነበር፤ 'ትንሽ' ስትል ቀልድ አድርጌ አስቆምኳት። ስትቆጣትም ዝም አልኩ። ይኸው፣ ስህተቱን በደብተር ሠርቼልሃለሁ፤ ውጣና ኤልሳቤትን እያት።"

ሀጂ ወጥቶ አያት። አንዱን አራት አነሳ፣ ሌላውን አራት አነሳ።

"አንቺስ" አለ፤ "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬ ነበር ሀጂ" አለች ሀፍሷ። "ሁለታችሁም እየሳቃችሁ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ሀጂ ደብተሮቹን መልሶ አስቀመጠ። "ቦሌዎቹን ለጳጉሜ አራት አዛውራቸዋለሁ። ሰኞ ያንቺን መንገድ ልየው" አለና ወረደ። በእኔ በኩል ሲያልፍ አላየኝም።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

ገበያው ፈላ። የባቡር መስመሩ ቁፋሮ መንገዱን ዘግቶት እንኳ መጡ። ስምንቱም ሱቅ ይጠይቃል፣ ካሜራው ያጎርፋል። የሀፍሷ አሠራር ከትናንት ጀምሮ ገብቷል፤ የውስጡን ስም እያነበበ ይመድባል።

እስካሁን አልቆመም። ስድስት ሰዓት።

ዘጠኝ ሰዓት። አልቆመም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። አልሀምዱሊላህ።

በሩ ላይ ቆሜ መብራቶቹን ቆጠርኩ። አንደኛው ይበልጣል! እኩል አይደሉም። "ሀፍሷ፣ አዳልቷል" አልኳት።

"ያዳላ አባባ። አንዱ ሱቅ ብዙ ቢጠይቅ የሱ በር ይበዛበታል። እኩል መሆናቸው አይደለም ዋናው፤ አንዱ ፎቶ በጀመረበት በር ማለቁ ነው።"

ሠላሳ ዓመት እኩል ሳካፍል የኖርኩ ሰው ይህን ለመዋጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈጀብኝ። ሻዩን ያመጣችልኝ እሷ ናት።

ጳጉሜ 1

ሀጂ ለቦሌዎቹ ደውሎ "ለዘንድሮ አያስፈልግም" አላቸው። ለዘንድሮ ነው ያለው። ኤልሳቤት ናት የነገረችኝ፣ በሹክሹክታ ማለትም እስከ ጎጃም በረንዳ በሚሰማ ድምፅ።

እኔን ሀጂ እስካሁን አላናገረኝም። ሰላምታ ብቻ። ይገባኛል።

ጳጉሜ 4፣ ሰኞ

ሀጂ ወጣ። የመጋዘን ሰዎቹ አብረውት ነበሩ።

"የሦስተኛው መጋዘን ስድስት ካሜራ ተገጥሟል። ዛሬ እዚሁ ሣጥን ላይ ይግባ።"

"ዛሬ አይሆንም ሀጂ" አለች ሀፍሷ። "ከመስከረም አሥር በኋላ።"

ሀጂ "አይሆንም" ተብሎ የሚያውቀው ከጉምሩክ ብቻ ነው። አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። አሥር ቀን ሳያየኝ ከርሞ ዛሬ አየኝ፦ ሽማግሌ ለሽማግሌ፣ እንደ ድሮው።

"ጃፋር? ምን ትላለህ?"

ቀልድ ነበረኝ፤ ጥሩ ቀልድ። ሁሉም ይስቅ ነበር፤ ሀጂም ይታረቀኝ ነበር።

"እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?" አልኩ። "ኃላፊዋ እሷ ናት።"

ሀጂ ባዶ ካርቶን በእግሩ ስቦ ጉልበቱን እያቃሰተ ተቀመጠበት። "እሺ" አላት፤ "ለምን አይሆንም? አስረጂኝ።"

ሀፍሷ ማርከር ይዛ ሌላ ካርቶን ላይ ሁለቱን በሮች ሣለች፤ ካሜራዎቹን ሣለች፤ ስንት ጭነት እንደሚመጣ በቀስት አሳየችው። ሀጂ ይጠይቃል፣ ትመልሳለች። መሀል ላይ የተሳሳተች መሰለኝ። ምላሴ ጥርሴ ድረስ መጣ። ዝም አልኩ።

ቤት ገብቼ እዚሁ ደብተር ጀርባ ላይ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ደግሜ ሣልኳቸው። ልክ ነበረች።